የኦቴሎ መሃረብ

ከሼክስፒር ትራጄዲዎች ሁሉ አስበልጬ የምወደው እ.ኤ.አ. በ1604 በንጉሥ ጄምስ ቤተ መንግሥት የታየውን «ኦቴሎ»ን ነው። እንደ «ሐምሌት» ሙት መንፈስ፣ እንደ «ማክቤዝ» ጠንቋዮች አይወጡበትም። የሚፈርሰውም መንግሥት ሳይሆን አንድ ትዳር ነው፤ ለማፍረሻ የዋለው ደግሞ እንጆሪ የተጠለፈበት መሃረብ።

ኦቴሎን ሚስቱን ዴዝዴሞናን እንዲጠረጥር የሚገፋፋውን የኢያጎን ክፋት ልዩ የሚያደርገው አነጋገሩ ነው። መጀመሪያ ላይ በግልጽ አይከስም። ይጠይቃል፣ ያመነታል፣ ጀምሮ ይተወዋል፤ የቀረውን ኦቴሎ ራሱ ይሞላዋል። ለምን ተሳካለት? ቁስሉ ቀድሞም ስለነበረ ነው። ቬኒስ ቆጵሮስን ከቱርኮች እንዲጠብቅላት ጥቁሩን ጄኔራል ትፈልገዋለች፤ ልጁን ሲያገባ ግን ቤቱ ሲጋብዘው የነበረው ብራባንሺዮ «በአስማት ነው የወሰዳት» ብሎ ይከሰዋል። ኢያጎ ዴዝዴሞና የአገሯንና የቀለሟን ሰዎች ትታ መምጣቷን እንደ ነውር ሲያነሳ፣ ኦቴሎ ከሚስቱ በፊት በራሱ ላይ ያለውን እምነት ያጣል። ለእኔ የቴአትሩ እምብርት ይህ ነው።

ኤሚሊያንም አልረሳትም። ወድቆ ያገኘችውን የዴዝዴሞናን መሃረብ ለባሏ ለኢያጎ የሰጠችው እሷ ናት። በመጨረሻ ግን ሰይፍ ቢመዝባትም ዝም አላለችም፤ እውነቱን ተናገረች፣ በእጁም ሞተች። እንዲህ ያለ ድፍረት በመድረክ ላይ ብዙ አላየሁም።

ጸጋዬ ገብረ መድኅን «ኦቴሎ»ን ወደ አማርኛ መልሶልናል። ያላነበባችሁ ፈልጋችሁ አንብቡት፤ ከቻላችሁም ድምፅ አውጥታችሁ።