የገመድ ፓምፕ

በጓሮ ጉድጓድ አፍ ላይ ከሚተከሉ ነገሮች ሁሉ እኔ የማደንቀው የገመድ ፓምፕን ነው። አንድ ዙር ገመድ፣ በየመሃሉ የተሰኩ ትናንሽ የጎማ ወይም የፕላስቲክ ክቦች፣ ቀጭን ቱቦ፣ መዘውር፤ አለቀ። እጀታው ሲዞር ክቦቹ በቱቦው ውስጥ ውሃውን እየገፉ ሽቅብ ያመጡታል። መዘውሩ ብዙ ጊዜ ከአሮጌ የመኪና ጎማ የተቆረጠ ነው። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ በኒካራጓ ገጠር ተስፋፋ፤ እኛም ጋ ደርሷል። ገመዱ ቢበጠስ ባለቤቱ፣ ብረቱ ቢሰበር የሰፈሩ ብየዳ ቤት ይጠግነዋል።

ትልቁ ውለታው ግን ባልዲን ማስቀረቱ ነው። መሬት ላይ ተቀምጦ የዋለ ባልዲ ጭቃውን ይዞ ተመልሶ አይገባም፤ ጉድጓዱም እንደተከደነ ይኖራል። ክዳኑ ካልገጠመ፣ ዙሪያው በሲሚንቶ ካልተለሰነ፣ ሽንት ቤቱም አጠገቡ ከተቆፈረ ፓምፑ ምን ያድርግ? (30 ሜትር መራቅ የተለመደ ምክር ነው።) በስምጥ ሸለቆ ደግሞ ጥርስ የሚያበልዝ ፍሎራይድ አለ፤ ማፍላትም ክሎሪንም አያስወግደውም፤ ውሃውን ማስመርመር የግድ ነው። ፓምፑ ራሱ የሚጠይቀው ጥቂት ነው፦ መዘውሩ የሚሽከረከርበት ላይ ዘይት ጠብ ማድረግ፣ የሳሳ ገመድ ሳይበጠስ መለወጥ።