ገና ያልደረሰውን ዘመን ስለሚያሳይ ትያትርና ስለ «ፉክክር ቤት»

በአዘና ከተማ ማታ ማታ ቴሌቪዥን ካለበት ቤት የሚሰበሰብ ሰው፥ ከዜናው ቀጥሎ ትያትር ሲመጣ አንዱን ከሌላው ለይቶ ማወቅ አይቸግረውም። ዜናው የሆነውን ይነግረዋል፤ ትያትሩ ያልሆነውን ያጫውተዋል። በባሕር ማዶ ግን ሁለቱን አንድ የሚያደርግ ሦስተኛ ዓይነት ሥራ አለ። ይኸውም ወደ ፊት በአገር ላይ ሊደርስ የሚችለውን ችግር አስቀድሞ አስቦ፥ ነገሩ ደርሶ ያለፈ ይመስል ምስክር እያቆመ፥ ቀንና ሰዓት እየቆጠረ የሚተርክ ነው። ተመልካቹም ልብ ወለድ መሆኑን እያወቀ እንደ ዜና ይደነግጥበታል።

ከዚህ ዓይነት ሥራ ስመ ጥሩ የሆነው ፒተር ዋትኪንስ የተባለው እንግሊዛዊ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1965 ዓ.ም. ለቢ.ቢ.ሲ. ያዘጋጀው «የጦርነት ጨዋታ» ነው። የአቶም ቦምብ ቢወድቅ በኬንት አገር ሰዎች ላይ ምን እንደሚደርስ ያሳያል። ድርጅቱ ግን ለሕዝብ ዓይን እጅግ የከፋ ነው ብሎ ከለከለው፤ በቴሌቪዥን የታየው ከ20 ዓመት በኋላ በ1985 ዓ.ም. ነው። በሲኒማ ቤት ታይቶ ግን ኦስካር የተባለውን ሽልማት፥ ያውም በእውነተኛ ታሪክ ፊልም ተራ ተቀበለ፤ ፈጽሞ ያልሆነ ነገር እንደ ሆነ ተቆጥሮ መሸለሙ ፈገግ ያሰኛል። የፊልሙ ኃይል አይካድም። ቢሆንም ቦምቡ ከላይ ስለሚወርድ፥ ተመልካቹ ከማልቀስ በቀር የሚያደርገው ነገር የለውም።

በዚህ ረገድ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ2003 ዓ.ም. የታየው «ብሪታንያ የቆመችበት ቀን» ይሻላል። በዚያ ታሪክ የባቡር ሠራተኞች ሥራ ያቆማሉ፤ መንገደኛው ሁሉ በመኪና ይወጣል፤ በለንደን ዙሪያ ባለው ጎዳና አደጋ ይደርሳል፥ መንገዱም ይታፈናል፤ በመጨረሻ ሁለት አውሮፕላኖች በአየር ላይ ይጋጫሉ። ጥፋቱ ከሰማይ የወረደ አይደለም። እያንዳንዱ ሰው ነገ አደርገዋለሁ ብሎ የተወው ትንሽ ሥራ ተጠራቅሞ የወለደው ነው። ስለዚህ የሚያየው ሰው የራሱን እጅ በታሪኩ ውስጥ ያገኘዋል።

የኢትዮጵያ ሰው ስለሚመጣው ዘመን መስማት እንግዳ ነገር አይሆንበትም። ፍካሬ ኢየሱስ የተባለው መጽሐፍ ከክፉ ዘመን በኋላ ቴዎድሮስ የሚባል ደግ ንጉሥ እንደሚነሣ ይናገር ስለ ነበር፥ ደጃዝማች ካሣ በ1847 ዓ.ም. በደረስጌ ማርያም ሲነግሡ ይህንኑ ስም ወሰዱ። ገና ስላልደረሰ ጊዜ የተጻፈ ነገር ተነቦ ብቻ አይቀርም፤ ሰው ይነግሥበታል፥ ሰውም ይሞትበታል። ሆኖም ትንቢትና «ቢሆንስ» የሚል ትያትር አንድ አይደሉም። ትያትሩ ከትንቢት ወገን የሚቀርበው ለዮናስ ስብከት ነው። ነነዌ ትገለበጣለች ተባለ፤ ሰዎቹ ሰምተው ማቅ ለበሱ፤ ከተማይቱም ዳነች። ዮናስ ቃሉ ስላልደረሰ ተቈጣ። የዚህ ትያትር ደራሲ ግን የሚከበረው የተናገረው ሳይደርስ ሲቀር ነው።

በኢትዮጵያ ለዚህ ሥራ የሚቀርበው ሙከራ በኅዳር ወር 2012 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ለሕዝብ ተገለጠ። ዴስቲኒ ኢትዮጵያ በተባለው ጉባኤ፥ በሐሳብ የማይስማሙ 50 ሰዎች ተቀምጠው አገሪቱ እስከ 2032 ዓ.ም. ልትሄድባቸው የምትችል አራት መንገዶችን በትረካ ጻፉ፤ ስማቸውንም ሰባራ ወንበር፥ አፄ በጉልበቱ፥ የፉክክር ቤትና ንጋት አሉአቸው። የደቡብ አፍሪካ ሰዎችም በ1991 እና በ1992 ዓ.ም. እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በሞን ፍለር ተሰብስበው እንዲሁ አድርገው ነበር፤ እነርሱ ግን ስሙን ከሰጎን፥ ከአንካሳ ዳክዬ፥ ከኢካሩስና ከፍላሚንጎ ወሰዱት፤ በሥዕል የታገዘ አጭር ፊልምም ሠሩለት።

የኢትዮጵያውያኑ ስሞች ከደቡብ አፍሪካዎቹ ይበልጣሉ ቢባል ማጋነን አይሆንም። የፉክክር ቤት ሳይዘጋ ያድራል የሚለውን ተረት የሚያውቅ ሰው ክልሎች እየተፎካከሩ ማዕከሉ ሲላላ ምን እንደሚመጣ ማስረጃ ሳይፈልግ ያየዋል። ሰባራ ወንበርም እንዲሁ ነው፤ በጎ አሳብ ያለው ግን ለመሥራት አቅም ያነሰው መንግሥት ከዚህ በአጭር ቃል አይነገርም። ደካማው ንጋት ነው። ክፉው ሁሉ በተረት ሲነገር፥ በጎው እንደ ምኞት ብቻ ቀርቶአል።

ትልቁ ጉድለት ግን ሌላ ነው። ትረካዎቹ ስለ መንግሥትና ስለ ተቋም ይናገራሉ እንጂ፥ በሰባራው ወንበር ላይ ተቀምጦ የወደቀው ማን እንደ ሆነ፥ ሳይዘጋ ካደረው ቤት ማን እንደ ተሰረቀ አያሳዩም። ጉባኤው ከተገለጠ በኋላ ዓመት ሳይሞላ፥ በጥቅምት 2013 ዓ.ም. በትግራይ ጦርነት ተነሣ። ትያትር ቢሠራ ኖሮ ጦርነቱ ይቀር ነበር ማለት ድፍረት ነው። ሆኖም ነገሩን ተቀምጠው ያሰቡት 50ዎቹ ነበሩ፤ ለሌላው ሕዝብ የደረሰው ስሙ ነው።

በዚህ ላይ የሚነሣው ተቃውሞ ቀላል አይደለም። ከእንደዚህ ያለ ፊልም አንድ ደቂቃ ተቈርጦ በስልክ ቢዞር፥ «ቢሆንስ» የሚለው ቃል ቀርቶ «ሆነ» ተብሎ ይነገራል፤ ደምም ሊያፈስ ይችላል። በዋትኪንስ ዘመን ይህ ፈተና አልነበረም። እንግዲህ በኢትዮጵያ የሚሠራ ሰው ጠላት የሚሆን ነገድ ወይም ወገን በታሪኩ ውስጥ ሳያቆም፥ በእያንዳንዱ ሥዕል ላይ ያልደረሰውን ዓመት ሳይጽፍ ባይጀምር ይሻለዋል።

ርእስ ግን ከሩቅ አይፈለግም። በአዊ ብዙ ገበሬ ገብስ የሚዘራበትን መሬት ዲከረንስ ተክሎበት፥ እንጨቱን አክስሎ ለአዲስ አበባ እየሸጠ ቤቱን ቆርቆሮ አለበሰ። በቅርብ ዓመታት ደግሞ ዛፉን የዝገት በሽታ ያዘው። በሐምሌ 2015 ዓ.ም. በአማራ ክልል የአስቸኳይ ጊዜ ዐዋጅ ከታወጀ ወዲህም መንገድ ሲዘጋ ምን እንደሚሆን ለአዘና ሰው የሚያስረዳው አያስፈልግም። በሽታው፥ የተዘጋው መንገድ፥ የዘገየው ማዳበሪያ፥ በአንድ ተክል ላይ የተጣለው ኑሮ፤ እነዚህን አንድ በአንድ አያይዞ ወደ 2032 ዓ.ም. የሚያደርስ ደራሲ የ«ብሪታንያ የቆመችበት ቀን» ወንድም ይሠራል። ምስክሪቱ በአዘና ገበያ ድንች የምትሸጥ ሴት ትሁን፤ በአውኚ ትናገር፥ አማርኛው ከሥር ይጻፍላት። ከዚያም ያው ደራሲ ንጋትን እንደ ገና ይጻፈው፤ ያችው ሴት በዚያ ቀን ምን ይዛ ወደ ገበያ እንደ ወጣች፥ በስንት ብር እንደ ሸጠች፥ በየትኛው መንገድ ወደ ቤቷ እንደ ገባች ያሳይ።