ስለ ሠዓሊው ገብረ ክርስቶስ ደስታ ሥራና ስለ ሙያ ፍቅር

ሥዕልን ለእንጀራው የያዘ ሰውና ሥዕልን ሕይወቱ ያደረገ ሰው በአንድ ገበታ ቢቀመጡ በመልክ አይለያዩም፤ የሚለዩት በሥራቸው ነው። የፊተኛው የታዘዘውን አሳምሮ ያስረክባል፤ የኋለኛው ግን ማንም ባያዘው እንኳ፥ ሳይሠራው ቢቀር ዕረፍት የሚነሣውን ነገር ይሠራል። ከኋለኞቹ ወገን የምንቈጥራቸው ሠዓሊውና ባለቅኔው አቶ ገብረ ክርስቶስ ደስታ ናቸው። በሥዕሎቻቸው ላይ ብዙ ጊዜ የሚነሣ አንድ ነቀፌታ ስላለ፥ በዚህ ጽሑፍ እርሱን ልንመረምር ፈቅደናል። ዘመናቱን የምንጠቅሰው በአውሮፓ አቈጣጠር ነው።

አቶ ገብረ ክርስቶስ በ1932 በሐረር ተወለዱ። አባታቸው አለቃ ደስታ የቤተ ክህነት ሊቅና የብራና መጻሕፍትን በሥዕል የሚያስጌጡ ሰው ነበሩ። ልጃቸው በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ የእርሻ ትምህርት ጀምረው ተዉት። እርሻ አገርን የሚጠቅም፥ መተዳደሪያውም የታወቀ ሙያ ነውና፥ ይህን ትቶ ወደ ቀለምና ብሩሽ መሄድ ቀላል ምርጫ አልነበረም። በ1957 ወደ ጀርመን አገር ተሻግረው በኮሎኝ ከተማ ሥዕል ተማሩ። በ1962 ተመልሰው በአዲስ አበባ በሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት መምህር ሆኑ፤ በ1963 ሥራዎቻቸውን ለሕዝብ አሳዩ፤ በ1965ም የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴን ሽልማት ተቀበሉ።

ነቀፌታው፥ ረቂቅ ሥዕል የባዕድ አገር ነገር ስለ ሆነ የእኛን ልብ አይነካም የሚል ነው። እኛ መልሱን ከ«ጎልጎታ» እናገኛለን። የቀድሞ ሠዓሊዎቻችን ሕግ ነበራቸው፤ ጻድቁን በሙሉ ፊት ከሁለት ዓይኖቹ ጋራ፥ ኃጥኡን ከጎን በአንድ ዓይን ይሥሉት ነበር። በዚህም ተመልካቹ ማንን እንደሚወድ ማንንም እንደሚጠላ አስቀድሞ ይነገረዋል። ሠዓሊው ብዙውን ጊዜ ስሙን ሳይጽፍ ያልፋል፤ የድካሙም ዋጋ ጸሎት ነው። በ«ጎልጎታ» ፊት ስንቆም ግን እንዲህ ያለ መሪ የለንም። ቀዩ ቀለም ከመልኩ ቀድሞ ይደርስብናል፤ ታሪኩን ከማስታወሳችን በፊት ሕማሙ ይሰማናል። ርእሱ በአባታቸው ቤት የሚታወቅ፥ አሣሣሉ በኮሎኝ የተማሩት ነው፤ ሁለቱን አንድ ያደረጋቸው የሠዓሊው የገዛ ስሜት ነው። ስለዚህ ባዕድ የተባለው መንገድ ወደ ቤት መልሶ አድርሷቸዋል እንላለን።

ይሁን እንጂ ሁሉን ማወደስ የሐያሲ ግዴታ አይደለም። ከረቂቅ ሥራዎቻቸው አንዳንዶቹ የቀለም ልምምድ ሆነው ቀርተዋል፤ እጃቸውን እናደንቃለን፥ ልባችን ግን ባለበት ይቆያል። በቅኔያቸውም ከተለመደው የስንኝ ልክ ለመውጣት ደፍረዋል፤ ድፍረቱ የሚያምረው የሚናገሩት ነገር ልኩን ሲያስጥሳቸው ነው። እንግዲህ በሥዕልም ሆነ በቅኔ አዲስነት ብቻውን አይበቃም፤ አሮጌነትም ብቻውን ከስሕተት አያድንም።

አቶ ገብረ ክርስቶስ ከ1974ቱ አብዮት በኋላ ካገራቸው ወጥተው፥ በ1981 በአሜሪካ በኦክላሆማ ግዛት በላውተን ከተማ ዐረፉ። ዛሬ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በስማቸው የተጠራ የዘመናዊ ሥነ ጥበብ ሙዚየም አለ። መምህራን ተማሪዎቻቸውን ወደዚያ ቢወስዱ፥ «ይህ የምን ሥዕል ነው?» ከማለታቸው በፊት «ምን ተሰማችሁ?» ብለው እንዲጠይቁ እንመክራለን። በቢሮም በቤትም የወጣቶች ዕድል በእጃቸው ያለ ሰዎች፥ ተማሪው ወደ ሥነ ጥበብ ላዘንብል ሲል ደመወዙን ብቻ አይመዝኑ። ተማሪውም ፍቅር ከድካም ነፃ የሚያወጣው አይምሰለው፤ እኒህ ሰው የእርሻውን ትምህርት የተዉት ሌላ ረጅም ትምህርት ሊጀምሩ ነበርና። ሙያን የወደደ ሰው ዋጋውን አስቀድሞ በድካሙ ይከፍላል፤ የልቡን እርካታ የሚያገኘውም ከዚያ በኋላ ነው።