ስለ አደራ፤ «ዘ ግሬት ሃክ» የተባለውን ፊልም አይቶ የተጻፈ

ወጣት አንባቢ ሆይ፤ ሰው ለሰው ከሚሰጠው ነገር ሁሉ አደራን የሚያህል ከባድ ነገር የለም። ገንዘብ ቢሰጡ ይቈጠራል፤ እህል ቢሰጡ ይሰፈራል፤ ምስጢር ግን አይቈጠርም፤ አይሰፈርም፤ አንድ ጊዜ ከእጅ ከወጣም በኋላ ተመልሶ አይገባም። አባቶቻችን «አደራ ጥብቅ፣ ሰማይ ሩቅ» ይሉ የነበረው ይኸን ክብደት ስላወቁ ነው። ዛሬ ላጫውትህ ያሰብሁትም ስለዚሁ ስለ አደራ ነው፤ ምክንያት የሆነኝ ግን መጽሐፍ ሳይሆን ፊልም ነው።

ፊልሙ «ዘ ግሬት ሃክ» ይባላል፤ በአማርኛ «ታላቁ ብርበራ» ብንለው ከትርጉሙ ብዙ አንርቅም። ካሪም አመርና ጂሃን ኑጄም የተባሉ ሁለት አዘጋጆች ሠርተውት እ.ኤ.አ. በ2019 በኔትፍሊክስ አማካይነት ለሕዝብ ቀረበ። የልጅ ልጄ በኮምፒዩተሯ ከፍታ አሳየችኝ፤ ባለቀም ጊዜ ፊቷ ጠቍሮ «አባባ፣ እንግዲያውስ ስልኬን ልጣለው እንዴ?» አለችኝ። ለዚህ ጥያቄ በዚያች ሌሊት የሚገባ መልስ አልሰጠኋትም፤ ይህን ጽሑፍ የምጽፈውም ለእርሷና እንደ እርሷ ላሉት ነው።

ታሪኩ ባጭሩ እንዲህ ነው። ካምብሪጅ አናሊቲካ የሚባል በለንደን የሚሠራ አማካሪ ኩባንያ ነበረ። ሥራውም በምርጫ ለሚወዳደሩ ሰዎች ምክር መሸጥ ነበር፤ ይኸውም ማን ምን ቢነገረው ልቡ ወዴት እንደሚያዘነብል አጥንቶ ማሳወቅ ነው። እ.ኤ.አ. በ2014 አሌክሳንድር ኮጋን የተባለ የካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ የሰውን ጠባይ የሚመረምር መጠይቅ በፌስቡክ በኩል አወጣ። ወደ 270 ሺህ የሚጠጉ ሰዎችም ለጥናት ነው ብለው፣ ብዙዎቹም ጥቂት ገንዘብ እየተከፈላቸው ሞሉት። ነገር ግን መጠይቁ የሞላውን ሰው ብቻ ሳይሆን፣ ምንም ያልሞሉትን የወዳጆቹንም መረጃ አብሮ ይወስድ ነበር። ፌስቡክ ራሱ በኋላ እንደ ገለጸው፣ በዚህ መንገድ እስከ 87 ሚሊዮን የሚደርሱ ሰዎች መረጃ ወደ ኩባንያው ሳይተላለፍ አልቀረም። ነገሩ እ.ኤ.አ. በማርች 2018 ክሪስቶፈር ዋይሊ በተባለ የቀድሞ ሠራተኛ ምስክርነት በጋዜጣ ወጣ፤ ኩባንያውም በሜይ ወር መዘጋቱን አስታወቀ።

ፊልሙ ይህን ታሪክ በትጋት ይተርካል፤ ሳያሰለችም ይዞ ይሄዳል፤ ይህ ምስጋና ይገባዋል። እኔ የምነቅፍበት ግን ሦስት ነገር አለ።

መጀመሪያ የምነቅፈው ስሙን ነው። «ብርበራ» የተባለ እንደ ሆነ አንድ ሌባ በሌሊት ግድግዳ ሰርስሮ ገባ ማለት ነው። በዚህ ታሪክ ግን ግድግዳ የሰረሰረ የለም። በዚያን ጊዜ የፌስቡክ ደንብ፣ እንዲህ ያለ መጠይቅ የሚያወጣ ሰው የሞይውን ወዳጆች መረጃ ጭምር እንዲወስድ ይፈቅድ ነበር፤ ይህ በር የተዘጋው ኮጋን ሥራውን ከፈጸመ በኋላ፣ በ2015 ነው። እንግዲህ ዘበኛው ራሱ በሩን ከፍቶ ሳለ ስለ ሌባ ብልሃት መናገር የጥፋቱን ስም መለወጥ ነው። የዚህ ጥፋት ትክክለኛ ስም በአማርኛችን አለ፤ አደራ መብላት ይባላል። ሌባ ያልሰጡትን ይወስዳል፤ አደራ በላ ግን አምነው የሰጡትን ላልተሰጠበት ነገር ያውላል። የሚከፋውም ይህ ነው፤ ከሌባ በቍልፍ ይጠበቋል፤ ከአደራ በላ ግን በምን ይጠበቋል?

ሁለተኛ የምነቅፈው ፊልሙ የነጋዴውን ፉከራ እንደ ምስክርነት መቀበሉን ነው። በሥዕሉ ላይ ከሰዎች አካልና ከስልካቸው ጥቃቅን የብርሃን ቅንጣቶች እየተነሡ ወደ ሰማይ ሲበኑ ይታያል፤ ሙዚቃውም ያስፈራል። ደግሞም ኩባንያው በትሪኒዳድና ቶቤጎ ወጣቶችን ከምርጫ አስቀርቻለሁ እያለ ለደንበኞቹ ሲያወራ ያሰማናል። ተመልካቹም የሰውን ልብ እንደ ሸክላ ጭቃ የሚያድቦለቡሉ ጠንቋዮች ተነሡ ብሎ ይወጣል። ነገር ግን ቅቤዬ ሸቷል የሚል ነጋዴ የት አለ? የብሪታንያ የመረጃ ኮሚሽነር ጽሕፈት ቤት ምርመራውን ጨርሶ በኦክቶበር 2020 እንዳስታወቀው፣ የኩባንያው ዘዴ በአብዛኛው ሌሎችም የሚያውቁትና በገበያ የሚገኝ ነበረ። ይህ ቃል ከፊልሙ በኋላ የመጣ ስለ ሆነ አዘጋጆቹን አላወቃችሁም ብዬ አልወቅስም፤ ቢሆንም የሻጭን ምስጋና መጠርጠር ያለ ምርመራም የሚቻል ነገር ነው። ጠንቋይ የፈራ ሰው ይሸሻል እንጂ ሒሳብ አይጠይቅም፤ የልጅ ልጄንም ስልኬን ልጣል ያሰኛት ይህ ፍርሃት ነው።

ሦስተኛው ነቀፋዬ ጊዜውን ለማን እንደ ሰጠ ነው። ብሪታኒ ካይዘር የተባለችውን የኩባንያውን የቀድሞ ሹም በበረሃ በዓል ላይ፣ በታይላንድ የመዋኛ ገንዳ ውስጥ፣ በመኪናና በአውሮፕላን እየተከተለ ያሳየናል። በ2018 በብሪታንያ ፓርላማ ፊት ቀርባ መመስከሯ መልካም ነው፤ የተጸጸተን ሰው መስማትም ተገቢ ነው። ነገር ግን ከ87 ሚሊዮኑ ሰዎች አንድ ገበሬ፣ አንዲት የቤት እመቤት፣ አንድ ተማሪ ተጠርቶ «ስለ አንተ ይህ ተወሰደ፤ ምን ተሰማህ?» ሲባል አላየሁም። የበዪው ሐዘን ሲተረክ የተበላው ተረሳ።

ፊልሙ ከዚህ ሁሉ ጕድለት የሚድነው በአንድ ሰው ነው፤ እርሱም ዴቪድ ካሮል የተባለ የኒው ዮርክ መምህር ነው። ይህ ሰው አልሸሸም፤ አልፎከረም፤ ሦስት ጥያቄ ብቻ ጠየቀ። ስለ እኔ ምን ታውቃላችሁ? ከየት አገኛችሁት? ለማንስ ሰጣችሁት? መረጃው በብሪታንያ የተሠራበት ስለ ሆነ፣ አሜሪካዊ ሳለ በብሪታንያ ሕግ የመጠየቅ መብት ነበረው። ኩባንያው በ2017 ጎዶሎ ዝርዝር ላከለት፤ በዚያም ውስጥ ስለ ፖለቲካ ነገር ምን ያስብ ይሆናል የሚለው ግምት በቍጥር ተመዝኖ ተጽፎ ነበር። እርሱ ግን ይህ አልበቃኝም ብሎ ከሰሰ። ኮሚሽነሩ ሙሉውን እንዲሰጡት አዘዘ፤ ኤስ ሲ ኤል የተባለው ድርጅት፣ ይኸውም የካምብሪጅ አናሊቲካ ወላጅ፣ ትእዛዙን ሳይፈጽም ቀረና በጃንዋሪ 2019 ጥፋቱን አምኖ 15 ሺህ ፓውንድ ተቀጣ። መምህሩም ሙሉውን ዝርዝር ሳያገኝ ቀረ። ፌስቡክ በበኩሉ በዚያው ዓመት በአሜሪካ 5 ቢሊዮን ዶላር ተቀጥቷል፤ ቅጣት ግን የወጣን ምስጢር ወደ ባለቤቱ አይመልስም።

ይህን ሁሉ ስፈርድ ራሴን ንጹሕ አድርጌ አይደለም። በ1976 ዓ.ም. በአንድ የክፍለ ሀገር ከተማ አስተምር ነበር። አንድ ቀን አንድ ሰው ከአንድ መሥሪያ ቤት ደብዳቤ ይዞ መጣና የተማሪዎቼን ስም፣ ዕድሜና የሚኖሩበትን ሰፈር ጠየቀኝ። «ለምንድን ነው?» ብለው «ለጥናት ነው» አለኝ። ደብዳቤው ማኅተም ነበረበት፤ እኔም ሌላ አልጠየቅሁም። በአንድ ሌሊት በፋኖስ ብርሃን ገልብጬ ጨረስሁ፤ ጽሕፈቴ ስርዝ ድልዝ ስላልነበረበትም ኮራሁ። ከጥቂት ወራት በኋላ ወጣቶች ለውትድርና ሲሰበሰቡ፣ ሰብሳቢዎቹ ከቤት ወደ ቤት የሄዱት ያንን ዝርዝር ይዘው ነበር። ከተወሰዱትም አንዱ ሲመዘገብ ዕድሜው ሁለት ዓመት ተጨምሮበት የተጻፈ ልጅ ነበር፤ ስሕተቱን እኔ አውቅ ነበር። እናቱ ወደ ትምህርት ቤት መጥታ «መምህር፣ ልጄ 18 ዓመት እንዳልሞላው እርስዎ ያውቃሉ፤ ቤታችንንስ ማን ነገራቸው?» አለችኝ። መልስ አልሰጠኋትም። ልጁም አልተመለሰም።

ኮጋን የሰበሰበው ለጥናት በሚል ስም ነበረ፤ ከእኔም የተወሰደው ለጥናት በሚል ስም ነበረ። ዘዴው ኢንተርኔትን አልጠበቀም፤ በፋኖስና በብዕርም ይሠራል። እኔ ግድግዳ አልሰረሰርሁም፤ አልሰረቅሁምም፤ ወላጆች ልጆቻቸውን እንዳስተምርበት የሰጡኝን መዝገብ ለሌላ ነገር አሳልፌ ሰጠሁ። ስለዚህ የፊልሙ ስም ሐሰት መሆኑን የማውቀው ከመጽሐፍ አይደለም።

በአገራችንም ዛሬ ሕግ አለ። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 26 የሰውን የግል ሕይወት፣ ቤቱን፣ ደብዳቤውንና የስልክ ንግግሩን ይጠብቃል። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቍጥር 1321/2016 ደግሞ መረጃ ለተሰበሰበበት ዓላማ ብቻ እንዲውል ያዝዛል፤ ባለቤቱም ስለ ራሱ የተያዘውን እንዲያይና የተሳሳተውን እንዲያስተካክል መብት ይሰጠዋል። ነገር ግን ባለቤቱ ካልጠየቀ ሕግ በመደርደሪያ ላይ የተቀመጠ ወረቀት ነው።

አንተ ወጣት፣ ነገ የውጭ ትምህርት አገኝልሃለሁ ወደሚል አማካሪ ቢሮ ትሄዳለህ። ፓስፖርትህን፣ የትምህርት ማስረጃህን፣ የአባትህን የባንክ ሒሳብ ግልባጭ ያደርጋሉ። ያን ጊዜ ሳታፍር ጠይቅ፤ ለምን ትፈልጉታላችሁ? ማን ያየዋል? ጕዳዬ ሲያልቅ ምን ታደርጉታላችሁ? ብለህ። እውነተኛ አማካሪ በዚህ አይቈጣም፤ የሚቈጣ ቢኖር መልሱን በቍጣው ሰጥቶሃልና ወረቀትህን ይዘህ ውጣ። ደግሞ ነገ አንተው ራስህ መዝገብ ያዥ ትሆናለህ፤ በባንክ፣ በሐኪም ቤት ወይም በትምህርት ቤት። ማኅተም ያለበት ደብዳቤ ይዞ የሚመጣ ሰው ባየህ ጊዜ፣ ለእኔ የቀረችብኝን ያችን ሁለተኛ ጥያቄ ጠይቅ፤ ጥናቱ የማን ነው? ባለቤቶቹስ ያውቃሉ?

የልጅ ልጄ ሆይ፣ ስልክሽን አትጣዪው። ዴቪድ ካሮል የጠየቃቸውን ሦስት ጥያቄዎች ግን ከቃልሽ አትለዪ።