የዮናስ ጸሎትና የዳዊት ቁጣ

መዓዛ መንግስቴ በእንግሊዝኛ ጽፋ እ.ኤ.አ. በ2010 ያሳተመችው የመጀመሪያ ልቦለድ፣ ርእሱ ወደ አማርኛ ሲመለስ «ከአንበሳው ዓይን ሥር» እንደ ማለት ነው፣ ብዙ ጊዜ የሚነሣው ስለ አብዮቱ የተጻፈ መጽሐፍ ተብሎ ነው። እውነት ነው፤ ንጉሡ ይወርዳሉ፣ ደርግ ይነሣል፣ የወጣቶች ሬሳ በአዲስ አበባ መንገዶች ላይ ይጣላል። እኔ ግን ለዚህ ዕትም የመረጥሁት የአንድ ቤት መጽሐፍ ስለ ሆነ ነው። በዚያ ቤት አንድ አባትና ሁለት ወንድማማቾች አብረው ይኖራሉ። ስለ አገራቸው የሚያስቡት ግን ሦስት የተለያየ ነገር ነው።

አባትየው ዶክተር ኃይሉ የታወቁ ሐኪም ናቸው። ትልቁ ልጃቸው ዮናስ በዩኒቨርሲቲ ታሪክ ያስተምራል፤ ሚስትና አንዲት ትንሽ ልጅ አለችው። ታናሹ ዳዊት ተማሪ ነው፤ ሌሊት ሌሊት ከአባቱ ተሸሽጎ ወደ ስብሰባ ይወጣል። ታሪኩ ሲጀምር እናታቸው ታመው ሆስፒታል ተኝተዋል። ስማቸው ሰላም ነው። ሞታቸው ገና በመጽሐፉ የመጀመሪያ ክፍል ይመጣል።

ይህ ለእኛ ሩቅ ታሪክ አይደለም። በየኅብረታችን ከ2013 ዓ.ም. ወዲህ ከአጎቱ ጋር ሰላምታ ያቋረጠ ወጣት አለ። የሰርግ ጥሪ ካርድ ሲጻፍ ስሙ የሚዘለል ዘመድ አለ። ለቅሶ ቤት ገብቶ ከወዲያኛው ጥግ የሚቀመጥና ሳይሰናበት የሚወጣ አለ። የጦርነቱ ስምምነት በጥቅምት 2015 ዓ.ም. ፕሪቶሪያ ላይ ተፈረመ፤ በየሳሎኑ ግን የተፈራረመ የለም። ቤተ ክርስቲያን ለዚህ ወጣት የምትሰጠው ምክር አብዛኛውን ጊዜ ከሁለት አንዱ ነው። አንደኛው «ፖለቲካ የሥጋ ነገር ነው፤ ተወውና ጸልይ» ይላል። ሁለተኛው ደግሞ «ለእውነት ቁም፤ ዝም አትበል» ይላል። መዓዛ እነዚህን ሁለት ምክሮች ወስዳ በአንድ ጣሪያ ሥር ሁለት ወንድማማቾች አድርጋቸዋለች ብል ከእውነቱ አልርቅም።

ዮናስ ይጸልያል። በቤቱ ውስጥ የጸሎት ክፍል አለ፤ ውጭው ሲከብደው ወደዚያ ይገባል። ዳዊት ይህን ሲያይ ደሙ ይፈላል። ለእርሱ የወንድሙ ጉልበት የተንበረከከው ለእግዚአብሔር ሳይሆን ለፍርሃት ነው። (የቤተሰቡ ጸሎት በኦርቶዶክስ ሥርዓት ነው፤ «የእኛ ጸሎት እንዲህ አይደለም» ብላችሁ ለማለፍ አትቸኩሉ። የዳዊት ክስ በሥርዓቱ ላይ አይደለም።) ክሱ ይህ ነው፦ ወንድሜ ጸሎቱን መደበቂያ አድርጎታል። ይህን ክስ ከአማኝ ቤት ውጭ ያለ ሰው ሲያነሣው በቀላሉ እንመልሰዋለን። ታናሽ ወንድም ሲያነሣው ግን ያው ሰው ማታ እራት ላይ አብሮ ይቀመጣል፤ ጠዋትም ያያችኋል።

የመጽሐፉ ትልቁ ብልሃት ያለው አባትየው ላይ ነው። ዶክተር ኃይሉ እጃቸው ላይ የሚያስሩት ሰዓት አለ፤ ከውጭ ትምህርታቸውን ጨርሰው ሲመለሱ ከንጉሠ ነገሥቱ የተቀበሉት ስጦታ ነው። ደራሲዋ ስለ ሐኪሙ የፖለቲካ አመለካከት ረጅም ንግግር አትጽፍም። ሰዓቱን ብቻ ታሳየናለች። ሰውየው ለዘውዱ ያላቸው ታማኝነት ከንድፈ ሐሳብ የመጣ አይደለም፤ አንድ ቀን አንድ ትልቅ ሰው በክብር እጃቸውን ይዞ አንድ ነገር ሰጥቷቸዋል። ዳዊት «ሥርዓቱ ይውደቅ» ሲል አባቱ የሚሰሙት «ያ ቀን ውሸት ነበር» የሚል ድምፅ ነው። ልጁ ስለ ሥርዓት ይናገራል፣ አባት ስለ ሕይወታቸው ይሰማሉ፤ ጠቡ የሚቀጣጠለው በዚህ ክፍተት ነው።

እንዲህ ዓይነት ሰዓት በብዙ ቤት አለ። በ1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት፣ ቀጥሎም የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት በአዋጅ የመንግሥት ሲሆን፣ በአንድ ዘር ውስጥ አንዷ አክስት አከራይታ ትተዳደርበት የነበረውን ቤት አጣች፤ ሌላው የአጎት ልጅ ደግሞ በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ኪራዩን ሊከፍል የሚችልበት የቀበሌ ቤት አገኘ። እነዚህ ሁለት ሰዎች ከዚያ በኋላ ስለ ደርግ ሲከራከሩ አንዱ ስለ ሌላው ቤት እየተናገረ መሆኑን ላያውቅ ይችላል። ስለዚህ «ጋሼ እንዴት እንዲህ ያስባሉ?» ብሎ ከመገረም በፊት ሰዓታቸው ምን እንደ ሆነ ማወቅ ይበጃል። ማን ሰጣቸው? ማንስ ወሰደባቸው?

እዚህ ላይ ግን ጥንቃቄ ያስፈልጋል፤ መጽሐፉም ያስጠነቅቃል። አንድ ሰው ለምን እንደዚያ እንደሚያስብ ማወቅ ሐሳቡን ትክክል አያደርገውም። ሬሳ መንገድ ላይ ወድቆ ቤተሰብ እንዳያነሣ ሲከለከል፣ ጥያቄው የስሜት ብቻ መሆኑ ያበቃል። ዳዊት ሌሊት እየወጣ ሬሳዎችን ያነሣል። በዚህ ዳዊት ትክክል ነው፤ የቁጣው ብዛት ይህን አይሽረውም። ደግሞ አብራው የምትወጣው ማን እንደ ሆነች ተመልከቱ፤ የዮናስ ሚስት ሣራ ናት። ይህ ቤት በዝምተኞችና በታጋዮች መካከል በንጹሕ መስመር አልተከፈለም። መስመሩ በአንድ መኝታ ቤት መካከል ያልፋል።

ከሁሉ የከበደኝ ግን የኮሎኔሉ ታሪክ ነው። ወታደሮች ክፉኛ የተሰቃየች አንዲት ልጅ ወደ ሆስፒታል ያመጣሉ፤ ዶክተር ኃይሉ እንዲያድኗት ይታዘዛሉ፤ የምትድነው ግን እንደ ገና እንድትመረመር ነው። ሐኪሙ መርዝ ሰጥተው እንድትሞት ያደርጋሉ፤ ለዚህም ይታሰራሉ፣ ይገረፋሉ። ሐኪሙ ያደረጉት ትክክል ነው ወይ የሚለውን እዚህ አልገባበትም፤ ለአንድ ምሽት ውይይት በቂ ነው፣ ልቦለዱም ቀላል መልስ አያቀብልም። እኔን የያዘኝ ሌላ ነገር ነው። ሐኪሙን የሚመረምረው ኮሎኔል የልጅቷ አባት ነው። የሚያገለግለው መንግሥት የገዛ ልጁን ሰብሯል፤ ልጁ በወዲያኛው ወገን ነበረች። ኮሎኔሉ ከሐኪሙ የሚፈልገው ልጁ እንዴት እንደ ሞተች ማወቅ ነው። ለዚህም የሚጠቀመው ያንኑ የለመደውን ዱላ ነው። ከልጁ ጋር በሕይወት ሳለች ያልተነጋገረ አባት፣ ስለ እርሷ ለመጠየቅ የቀረው ብቸኛ ቋንቋ ምርመራ ሆነ። በዚያ ዘመን ላይ ከተጻፉት ያነበብኋቸው ገጾች ሁሉ እንዲህ ያሰቃየኝ ጥቂት ነው።

ሚኪም አለ። የዳዊት የልጅነት ጓደኛ ነው፤ ድኻ ነው፣ ወታደር ሆኗል። በኅዳር 14 ቀን 1967 ዓ.ም. ስልሳ ያህል ባለሥልጣናት የተረሸኑበትን ሌሊት ደራሲዋ በእርሱ በኩል ታስገባናለች። ሚኪ ክፉ ሆኖ አልተወለደም፤ ይፈራል፣ ከዚያ እጁ ይነካካል፣ ከዚያ መመለሻ ያጣል። ስለ እርሱ ብዙ አልጽፍም፤ አንብቡት።

ድካሙን ልናገር። የመጀመሪያው፣ ጉዱ ተብሎ የተሰየመው የደርጉ መሪ ሰው ሳይሆን ጥላ ነው፤ ከሚኪ ጋር ሲነጻጸር በወረቀት የተቀደደ ይመስላል። ይህን ይቅር ማለት ይቻላል። ሁለተኛው ይበልጥ ይከብዳል። በዚህ ቤት ውስጥ አንድም ክርክር ተጀምሮ አያልቅም። በር ይዘጋል፣ አንዱ ይወጣል፣ ሌላው ወደ ጸሎት ክፍል ይገባል። ዳዊት የሚሞትላት ኢትዮጵያ ምን ዓይነት እንደ ሆነች በሚገባ አልተነገረንም። ዮናስም ለምን እንደሚጸልይ፣ ከማን ምን እንደሚጠብቅ፣ ራሱን ከወንድሙ ክስ የሚከላከልበት ቃል አልተሰጠውም። በእውነተኛው ታሪክ የ1960ዎቹ ወጣቶች ያለ ልክ ይከራከሩ ነበር፤ ከአንድ ቤት አንዱ ኢሕአፓ ሌላው መኢሶን ሆኖ በየጽሑፉ የሚመላለሱ ነበሩ። ያ የቃል ጦርነት እዚህ ደብዝዟል። ደራሲዋ ለህመሙ ያላት ጆሮ ለሐሳቡ ካላት ጆሮ ይበልጣል ማለት ነው።

ይህ ጉድለት ወደ ሌላ ታሪክ ወሰደኝ። በ1ኛ ሳሙኤል ምዕራፍ 20 ላይ አንድ ቤተሰብ በወር መባቻ ማዕድ ይቀመጣል። በማዕዱ መካከል ያለው ጥያቄ ፍጹም ፖለቲካዊ ነው፤ ቀጣዩ ንጉሥ ማን ነው? ዮናታን ስለ ዳዊት ከአባቱ ጋር አይስማማም። ዝም አላለም፤ ሰውየው የሚሞትበትን በደል አባቱን በግልጽ ጠየቀው። ሳኦል እናቱን ጠቅሶ ሰደበው፣ ጦርም ወረወረበት። ዮናታን ተቆጥቶ ከማዕድ ተነሣ፣ ያን ቀን እህል አልቀመሰም፤ ሄዶም ጓደኛውን አስመለጠ። እስከዚህ ድረስ የልቦለዱ ዳዊት በደስታ የሚያጨበጭብለት ታሪክ ነው። ግን ዮናታን ከዚያ በኋላ ወደ ከተማ ተመለሰ። የአባቱን ቤት አልለቀቀም። በመጨረሻ በጊልቦዓ ተራራ ላይ ከዚያው ጦር ከወረወረበት አባት ጋር በአንድ ቀን ሞተ።

የሳሙኤል መጽሐፍ ተራኪ ዮናታን መመለሱ ልክ ነበር ወይስ አልነበረም ብሎ አይፈርድም። ይህንን ብዙ ሰባኪዎች አይወዱትም፤ ታሪኩን ስለ ጓደኝነት ብቻ አድርገው ይጨርሱታል። እንደ ሥነ ጽሑፍ ስናነበው ግን ክብደቱ ያለው እዚያው ዝምታ ላይ ነው። ዮናታን አባቱን ተቃወመ፣ ግን አልከዳውም፤ ጓደኛውን አዳነ፣ ግን ተከትሎት ወደ ዋሻ አልገባም። ለሁለቱም ዋጋ ከፈለ። መዓዛ በዮናስና በዳዊት ለሁለት የከፈለችው ነገር በዮናታን አንድ ሰው ውስጥ ተቀምጧል።

(በዚሁ ርእስ ሁልጊዜ የሚጠቀሰው የቀራጩ የማቴዎስና የቀናተኛው የስምዖን ምሳሌ ነው። ሁለቱም ከአሥራ ሁለቱ መካከል መሆናቸው እውነት ነው። ነገር ግን ወንጌላት ሁለቱ ተነጋገሩ የሚሉት አንድም ቃል የለም፤ እኛ በስብከት እየተቃቀፉ እናሳያቸዋለን። ዮናታንና ሳኦል ግን ሲነጋገሩ ሰምተናቸዋል።)

ለመሆኑ ከእኛው ታሪክ ማን ይጽፈው ይሆን? ቄስ ጉዲና ቱምሳ የመካነ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን ዋና ጸሐፊ ነበሩ፤ ወንድማቸው ባሮ ቱምሳ ከኦሮሞ ነጻነት ግንባር መሥራቾች አንዱ። ተጣሉ እያልሁ አይደለም፤ መንገዳቸው ግን ተለያየ። ቄስ ጉዲና ከአገር እንዲወጡ ዕድል ቢቀርብላቸውም ቀሩ፤ በሐምሌ 1971 ዓ.ም. ተይዘው ተገደሉ፤ ሚስታቸው ወይዘሮ ፀሐይ ቶሎሳ ዓመታት በእስር አሳለፉ። የሁለት ወንድማማቾች የእምነትና የትግል ጥያቄ በአንድ ቤት ውስጥ ምን ዓይነት ንግግር እንደ ወለደ የሚያሳይ ልቦለድ ቢኖረን፣ ዮናስ ያጣውን ቃል እዚያ እናገኘው ነበር ብዬ አስባለሁ። ከእናንተ መካከል የሚጽፍ ካለ፣ ርእሱ ባለቤት እየጠበቀ ነው።

መጽሐፉን በኅብረት ልታነቡት ከሆነ ሁለት ነገር ልብ በሉ። የሥቃይ ገጾቹ ከባድ ናቸው፤ ለታዳጊዎች አይሆንም። ሁለተኛ፣ ብቻችሁን አታንብቡት። በ1969 ዓ.ም. ሃያ ዓመት የሆናቸው አባት ወይም እናት ከየአጥቢያው ፈልጋችሁ ለአንድ ምሽት ጋብዙ። ዳዊት ነበሩ ወይስ ዮናስ ብላችሁ አትጀምሩ። በዚያን ጊዜ እቤታቸው ለእራት ስንት ሰው ይቀመጥ እንደ ነበር ጠይቋቸው፤ ከዚያም በ1971 ስንት እንደ ቀሩ።