ከግጭት የተመለሰ ስካይላይን

እ.ኤ.አ. በ1989 ጃፓን ውስጥ ለገበያ የቀረበውን ኒሳን ስካይላይን ጂቲ-አር፣ ተጋጭቶ የተጣለውን ገዝተው ከሥራ መልስ የሚያድሱ ሰዎችን ከልቤ አደንቃለሁ። ቀለሙ ይቆይ ብለው መጀመሪያ ሜትር ይይዛሉ። ሻንሲው ከተጣመመ መኪናው መስመሩን አይይዝምና ከጥግ ጥግ ይለካሉ፣ ይስባሉ፣ ደግመው ይለካሉ። ፓራፋንጎውን በስቱኮ ከመሸፈን ብረቱን ቀጥቅጠው ያቃናሉ።

ሞተሩ ጋ ሲደርሱማ አክብሮቴ ይጨምራል። ባለ 2.6 ሊትሩ፣ ባለ ስድስት ሲሊንደሩ ሞተር ሁለት ቱርቦ አለው። የፋብሪካው ተርባይን ሴራሚክ ስለሆነ ግፊት ሲበዛበት ሊሰባበር ይችላል፤ እነሱ ጉልበት ከመጨመራቸው በፊት በብረት ይለውጡታል። መጀመሪያ ጥንካሬ፣ ፍጥነት ኋላ!

እነሱ ባይኖሩ የተጋጨው ሁሉ በኪሎ የሚሸጥ ብረት ሆኖ ይቀር ነበር፤ ያንን የሞተር ድምፅም የምንሰማው በቪዲዮ ብቻ ነበር።