በሚያበረታው ጌታ ሁሉን ስለ መቻል
(ፊልጵስዩስ ምዕራፍ 4 ከቍጥር 10 እስከ 20)

ቅዱስ ጳውሎስ ለፊልጵስዩስ ሰዎች በላከው መልእክት፣ በምዕራፍ 4 ቍጥር 13፣ በሚያበረታው ጌታ ሁሉን እንደሚችል ተናገረ። ይህን ቃል ብዙዎች ይጠቅሱታል፤ ነገር ግን ከላይኛውና ከታችኛው ቃል ለይተው ስለሚጠቅሱት ምሥጢሩን ይስቱታል። ኃይል ከእግዚአብሔር ነው ማለታቸው እውነት ነው። የሚሳሳቱት «ሁሉ» ያለውን፣ ያሰቡት ሁሉ ይከናወናል፣ የተመኙት ሁሉ ይገኛል ብለው ሲተረጕሙት ነው።

ሐተታ፦ «ሁሉ» ያለው ምንድር ነው ቢሉ፣ በቍጥር 12 አስቀድሞ ቈጥሮታል፤ ማግኘትና ማጣት፣ መጥገብና መራብ ነው። ማጣትን ለመታገሥ ኃይል እንዲያሻ ሁሉ ያውቃል። መጥገብስ ስለ ምን ኃይል ይሻል ቢሉ፣ የጠገበ ሰው ፈጣሪውን ለመርሳት ቅርብ ነውና። ይህንም የጻፈው በእስራት ሳለ ነው፤ ኃይሉ በእስራቱ አጸናው እንጂ ወዲያው ከእስራቱ አልፈታውም። ወዳጁ አፍሮዲጡም ለሞት እስኪደርስ በታመመ ጊዜ፣ መዳኑን ለእግዚአብሔር ምሕረት ሰጠ እንጂ ለራሱ ችሎታ አልሰጠም (ምዕ. 2 ቍ. 27)።

በቍጥር 11 ኑሮው እንደሚበቃው የተናገረበት የጽርዕ ቃል አውታርኬስ ይባላል። ይህም ኢስጦኢኮች የተባሉ ፈላስፎች፣ ለራሱ በራሱ በቅቶ ከሌላ ምንም የማይሻውን ሰው የሚያመሰግኑበት ቃል ነበረ። ሐዋርያው ቃሉን ተቀበለ፤ ምንጩን ግን ለወጠ። እነርሱ ከራስ ልቡና ይገኛል አሉ፤ እርሱ ከሚያበረታው ጌታ ይገኛል አለ። በቍጥር 13 የክርስቶስ ስም በጥንታውያን የጽርዕ መጻሕፍት አይገኝም፤ በኋለኞቹ ይገኛል። ምሥጢሩ ግን አይለወጥም፤ የሚያበረታው ማን እንደ ሆነ መልእክቱ በሙሉ ይናገራልና። ይህንም ተማርሁት አለ እንጂ በአንድ ቀን አገኘሁት አላለም።

ወደ ቍጥር 14 ሲወርድ፣ በመከራው ስለ ተካፈሉት አመሰገናቸው። እግዚአብሔር ያበረታኛልና ስጦታችሁ አያሻኝም አላለም። በተሰሎንቄ ሳለም አንድ ጊዜ ሁለት ጊዜ ልከውለት ነበር (ቍ. 16)። እንግዲህ በእግዚአብሔር መታመን የወንድምን እጅ አያስንቅም፤ የሚያበረታው ጌታ በወንድም እጅ ደግሞ ያበረታልና።

ስለዚህ የተራበውን እግዚአብሔር ያበርታህ ብሎ ባዶ እጁን የሚሰድ ሰው ቍጥር 13ን ይዞ ቍጥር 14ን ጣለ። ታሞ ያልዳነውንም እምነት ጐድሎህ ነው ብሎ የሚወቅስ በቍስል ላይ ቍስል ይጨምራል። ሐዋርያው ራሱ የሥጋው መውጊያ እንዲርቅለት ሦስት ጊዜ ለምኖ አልራቀለትም፤ የሚበቃው ጸጋ ተሰጠው እንጂ (2 ቆሮንቶስ ምዕ. 12 ቍ. 7-9)። እምነት ጐደለው የሚለው ማን ነው?

መምህር ይህን ቃል ሲያስተምር ከቍጥር 10 ጀምሮ እስከ 20 ያንብብ። ያን ጊዜ ያጣ ሰው ሰምቶ ይጽናናል፤ ያገኘም ሰምቶ እጁን ይዘረጋል።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።